ብርዝና መበረዝ

በአማርኛችን «በረዘ» የሚለው ግስ ሁለት ፊት አለው። ማርን በውሃ አቅጥኖ ብርዝ ማዘጋጀት አንዱ ሲሆን፣ ንጹሑን ነገር ከባዕድ ቀላቅሎ ማበላሸት ሁለተኛው ነው። የጠጃችን ታሪክም በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል የተጓዘ ይመስለኛል።

እኔ በማስተምርባት ቂሊንጦ ዩኒቨርሲቲ፣ ማረሚያ ቤትና ቢራ ፋብሪካ ጎረቤታሞች ናቸው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌንና ሐረርን ከመንግሥት የገዛው የሆላንዱ ሃይነከን ነው። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ግን የማስበው ፋብሪካ ሳይኖረው ዘመናትን ስለ ተሻገረው ጠጅ ነው። ግዕዙ «ሜስ» ይለዋል፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአገራችን ያየውን የማር መጠጥ ጽፎታል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ከብርዙ ተቀንሶ ከእንጨት ጌሾ ጋር ይፈላና ተመልሶ ይገባል። እንደ አየሩ ጠባይ ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ሲብላላ ቆይቶ ይጠለላል።

ለመሆኑ ማን ይጠጣው ነበር? «ግብር» የሚለው ቃላችን ገበሬው የሚከፍለውንም፣ ቤተ መንግሥት የሚበላውንም ድግስ በአንድነት መጥራቱ በከንቱ አይደለም። ማሩ ከገበሬው ይወጣል፤ በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ምርጡ ጠጅ ለመኳንንቱ ይቀርባል፤ ማዕረግ ዝቅ ባለ ቁጥር መጠጡም ዝቅ ይላል። ባላገሩ በቤቱ ጠላውን ይጠጣል።

ዛሬ ጠጅ ቤት የሚከለከል የለም። ማር ግን ተወዷል፤ በብዙ ብርሌ ውስጥ ቦታውን የያዘው ስኳር ነው። ጠጁ ለሁሉም ሲደርስ ማሩ ሸሸ።

መብታችንም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ባላባቱን አስወገደ፤ ገበሬው ግን በመሬቱ መጠቀምን እንጂ መሸጥን አላገኘም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ደነገገ፤ በ2006 ዓ.ም. የተያዙት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ወንዶቹ ግን እዚሁ ቂሊንጦ ታስረው ከረሙ።

ጠጅ ያለ ውሃ አይጣልም፤ ሕግም ያለ ገደብ አይጻፍም። ጥያቄው የልኩ ነው። ብርሌ ስለተሰጠን ብቻ ማሩ ደርሶናል ማለት አይደለም፤ ጠጪ ሁሉ ቀምሶ «ማሩ የት አለ?» ብሎ አሳላፊውን ሊጠይቅ ይገባል።