ስንት ትበራለች?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ከተማው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማውራት ጀመረ። ጥሩ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ የምናደምቀው እኛ በምን አቅማችን መኪና እንገዛለን? ስለዚህ በእግር የምትገፋ አሮጌ ስኩተር ገዛንና ለኋላ ጎማዋ ሞተር፣ ከመርገጫዋ ሥር ደግሞ ባለ 480 ዋት-ሰዓት ባትሪ ገጠምንላት።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ሠፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ፓርክ ግርጌ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩን ሰዎች ግን የሚነዱት ሜዳ ላይ ነው። ሒሳቡን ራሳችን ሠራነው፦ ሰውና ስኩተር አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 300 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ 82 ዋት-ሰዓት ይበላሉ። በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት የባትሪው ሩብ ገደማ ለከፍታው ብቻ ያልቃል።

እሱስ ይሁን፤ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። አንዳንድ ሞተር ቁልቁለት ላይ እንደ ፍሬን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ማታ ጢም ብሎ የተሞላ ባትሪ ግን ጠዋት ተጨማሪ መቀበያ ቦታ የለውም፤ ሞተሩም ማገዙን ይተዋል። እንደኛ ዳገት ላይ ለምትኖሩ ምክራችን ሁለት ነው፦ ማታ እስከ 80 በመቶ ብቻ ቻርጅ አድርጉ፤ ገንዘባችሁን ደግሞ ከሞተሩ በፊት ለሁለቱም ጎማዎች ፍሬን አውጡት። ሞተር እምቢ ቢል ገፍቶ መውጣት ነው። ፍሬን እምቢ ሲል ግን ከፊት ሚኒባስ አለ።

የሠፈር ልጆች ሁሌ "ስንት ትበራለች?" ይሉናል። "ቶሎ ትቆማለች?" ያለን ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም።