ሆኪን መልክ ያስያዘው ክለብ

እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን አጠገብ፣ ቴዲንግተን፣ የክሪኬት ተጫዋቾች ለብርዱ ወራት የሚሆን ጨዋታ ሲፈልጉ የሆኪ ዱላ አነሱ። ሜዳቸው የቡሺ ፓርክ ለጥ ያለ ሣር ነበር።

ያኔ ብላክሂዝ የተባለው ቀደምት ክለብ የሚመታው ባለ ማዕዘን ጎማ ነበር። ቴዲንግተኖች በምትኩ የክሪኬት ኳስ አመጡ። ኳሷ ሣሩ ላይ ቀጥ ብላ ስትንከባለል መቀባበሉም ማታለሉም አማረ። ዱላ ከትከሻ በላይ እንዳይነሳ ከለከሉ፤ የእኛን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ይህ ስንት ግንባር እንዳተረፈ ይገባዋል። ትልቁ ውለታቸው ግን ከግቡ ፊት ያሰመሩት ክልል ነው፤ ከዚያ ውጭ የተመታ ኳስ ጎል ሆኖ አይቆጠርም።

እነዚህ ሕጎች በ1886 ለንደን ላይ በተመሠረተው የሆኪ ማኅበር ደንብ ውስጥ ገቡ። የቴዲንግተን ክለብ ዛሬም የወንዶች፣ የሴቶችና የታዳጊዎች ቡድኖችን ያጫውታል።