በሽተኛን ማብላት መርዳት የማይሆንበት ጊዜ

በእኛ ቤት ለታመመ ሰው ያለን ፍቅር የሚታወቀው በሳህን ነው። አጥሚቱ ይሞቃል፣ የዶሮው መረቅ ይቀርባል፣ «እስቲ ይችን ብቻ ቅመሱልኝ» ይባላል። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። ደግ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ልማድ በሽተኛውን ሊጎዳ የሚችልበት ቀን እንዳለ በአጎቴ ሕመም ጊዜ ተማርሁ።

አጎቴ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን ሲወጉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ተቅማጥና ትውከት ያዛቸውና «እህል ሳልቀምስ መርፌው ለምኔ?» ብለው ተውት። በሦስተኛው ሌሊት የቡና አተላ የመሰለ ነገር አስመለሳቸው። ወዲያው ሆስፒታል አደረስናቸው። የደም ግፊታቸው በጣም ወርዷል፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ደማቸው አሲዳማ ሆኗል። በፈሳሽና በኢንሱሊን ጥቂት ከተረጋጉ በኋላ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ማለትም በኢንዶስኮፒ፣ ውስጣቸው ታየ። ሐኪሙ ጠርቶ የምግብ ቧንቧቸው የታችኛው ክፍል እንደ ከሰል መጥቆሩን ነገረኝ። የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሞቷል ማለት ነው።

ይህ «ጥቁር የምግብ ቧንቧ» እየተባለ የሚጠራ፣ እምብዛም የማያጋጥም ሕመም ነው። በኢንዶስኮፒ ታይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ለመሆኑ ሕያው አካል እንዴት እንዲህ ይሞታል? ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ሦስት ነገሮች ይገጣጠማሉ። ግፊት ሲወርድ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ደም ያንሳል፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ ይፈጀዋል፤ በሕመም የተዳከመ ሰውነትም ራሱን መጠገን ያቅተዋል። የታችኛው ክፍል ከላይኛው ያነሰ ደም ስለሚደርሰው ይበልጥ ይጎዳል። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ እንደሚሞቱ፣ የአብዛኞቹ ሞት ግን ከቧንቧው ይልቅ ከሥር ባለው ሕመም እንደሆነ የሕክምና ጽሑፎች ያሳያሉ። ስለዚህ ዋናው ሕክምና መንስኤውን ማከም ነው። ከዚያ ጋር ፈሳሽ በደም ሥር፣ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት፤ በአፍ ግን ምንም!

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ከሁሉም ከበደን። አክስቴ መረቁን ይዘው በር ላይ እያለቀሱ «ሰውዬው በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው» ይላሉ። አጎቴም ራሳቸው «ልጄ፣ አንዲት ጉንጭ ውሃ» ብለው ይለምኑኛል። አባት ሆነው ያሳደጉኝን ሰው ውሃ መከልከል ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቀው የደረሰበት ነው። የተጎዳው ቧንቧ ሊበሳ እንደሚችል፣ የሚያስፈልጋቸው ውሃም በደም ሥራቸው እየገባ መሆኑን ደጋግሜ አስረዳሁ። ነርሷን አስፈቅጄ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አረጥብ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ቧንቧው እንደገና ሲታይ ጥቁሩ ተልጦ ሐምራዊ ሥጋ ብቅ ብሏል። አልሐምዱሊላህ! ውሃ በማንኪያ ተጀመረ። ከሳምንታት በኋላ ጠባሳው ቧንቧውን አጥብቦት እንጀራ ይይዛቸው ጀመር፤ እሱንም ሐኪሞች በመሣሪያ አሰፉላቸው።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሐኪም አይበላ ካለ ጠያቂው ምግቡን ለአስታማሚው ይስጥ፤ ተራ ገብቶም ያሳርፈው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ እምቢ ስላለው ብቻ መርፌውን አያቁም፤ መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ረመዷን ሲቃረብም አስቀድሞ ያማክር፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለውና። የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም። አጎቴን በሕይወት ያገኘናቸው በዚያው ሌሊት በመድረሳችን ነው።