ማንቬላውን ከመጨበጣችን በፊት

በግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ለአሥር ዓመት ያህል ዶሮ ሲያድርበት የኖረ አንድ ሞተር ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በ1987 ዓ.ም. ሥራ ካቆመ ወፍጮ ቤት የገዛው ሊስተር ነው። የእንግሊዝ ሥሪት፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ በእጅ የሚነሣ፣ ስድስት የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር። በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ዕድሜ የሰጠውም ቀርፋፋነቱ ነው ይላሉ የሚያውቁት። ባሕርና ሐይቅ ባለበት አገር እንዲህ ያሉ ዝግ ብለው የሚሠሩ ሞተሮች ጀልባ ይገፋሉ። በእኛ በሸዋሮቢት ደግሞ እህል ፈጨ፤ እኛ ቤት ከገባ በኋላም የሮቢን ውሃ ወደ ሽንኩርት ማሳችን ሲስብ ኖረ። ባለቤቴ በ2005 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ግን የነካው ሰው አልነበረም።

የነካው የልጅ ልጄ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የእኔ ልጅ ከቀሩት ጋር ቀረ። ወራት ሙሉ ከቤት አልወጣም፤ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ቀና ብሎ አያይም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ዶሮዎቹን አባርሮ ሞተሩን በናፍጣና በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት። ምንም አልጠየቅሁትም። ቡና አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በከተማችን ሲሠሩ ያረጁ አንድ መካኒክ እሑድ እሑድ እየመጡ ያሳዩት ነበር። ቴስታታው ወረደ፣ ፒስተኑ ወጣ፣ ኩሽኔታዎቹ ተለወጡ፣ ጓርኒሲዮኑ ከወፍራም ወረቀት በመቀስ ተቆረጠ። «ፋሻው አልቋል» ብሎ ሲነግረኝ እኔ የማውቀው የቁስል ፋሻ ነው፤ «ከጤና ጣቢያ ላምጣልህ?» ብዬ አሳቅሁት። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከብበውን የብረት ቀለበት ኖሯል። ከፈተናው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ሥራውን አልወደደውም። «እማዬ፣ ይህ ብረት በኪሎ ይሸጣል። ልጁ ጊዜውን የሚያጠፋበት አንቺ ስለምታበረታችው ነው» ይለኝ ነበር። በመጨረሻም ቀን ቆረጠ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተነሣ ለብረታ ብረት ገዢ ሊሰጠው። ልጁም ለመፍጠን ሲል ጉድጓዱን ቆፈረ።

ጉድጓዱ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሞተሩን የተከለው ከወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የክረምት ጎርፍ የወንዙን ሥር ዝቅ አድርጎታል። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል፤ ከሥር የሚመጥጠው ግን ወሰን አለው። በባሕር ጠረፍ እንኳ ነገሩ ሁሉ ፍጹም ቢሆን ከአሥር ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። በእኛ ከፍታና በተለመደ ፓምፕ ደግሞ ከስድስት ሜትር በላይ ማሰብ ድካም ነው። ስለዚህ ልጁ ፓምፑንም ሞተሩንም ወደ ውሃው ለማቅረብ ከአፋፉ ሁለት ቁመት የሚሆን ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከፀሐይና ከሌባ እንዲያድነውም ከላይ በቆርቆሮ ሊከድነው አሰበ። ሲያሳየኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

ገና ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ እሠራበት በነበረ አንድ የቆላ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ወንድማማቾችን በቃሬዛ አምጥተውልናል። ታናሹ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ የውሃ ሞተር ሊያጠፋ ወርዶ ወደቀ። ታላቁ ሊያወጣው ወረደ፤ እሱም ቀረ። አካላቸው ላይ ጭረት የለም። የታላቁን ደረት ስጫን፣ ስጫን፣ እጄ እስኪዝል ድረስ ስጫን እናታቸው በር ላይ ቆማ ነበር። የገደላቸው ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ኦክስጅን ከደማችን ጋር ከሚያያዝበት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሚይዝ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል፤ ቀጥሎ እግር ይከዳል። ሰው መውጣት እንዳለበት የሚያውቀው መውጣት ሲያቅተው ነው። የቤንዚን ሞተር ይብሳል፤ የናፍጣውም ቢሆን በተዘጋ ቦታ ይገድላል።

«እዚህ ውስጥ አይነሣም» አልሁት።

«እማማ፣ አባዬ የሰጠኝ ሦስት ሳምንት ነው። እርስዎም ከእሱ ጋር ሆኑ?» አለኝና ሄደ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን ቡና ይዤ ሄድሁ። ስለ ወንድማማቾቹ አላነሣሁበትም፤ ልጅን በሬሳ ማስፈራራት አልወድም። የነገርሁት ስለ ጀልባ ነው። ወጣት ሳለሁ ለክትባት ሥራ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግሬ ነበር። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ፀሐዩ እየወጣ ነው፣ እኛ እንቸኩላለን። ጀልባ ነጂው ግን የወለሉን ጣውላ አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ንፋስ እንዲገባበት ትቶ ተቀመጠ። «ምን ትጠብቃለህ?» ብንለው፣ «የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ይተኛል። እሱ ሳይወጣ ሞተር ያስነሣ ሰው ከእነጀልባው ይቃጠላል» አለን። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ወዲያው አልሄደም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በጎን ቱቦ ሲፈስስ በዓይኑ አይቶ ነው ገመዱን የፈታው። ክትባቱ አልተበላሸም፤ እኛም በደኅና ተመለስን።

«የእኛም ሞተር አንዴ ከተነሣ ብዙ ዘመን ይሠራል፤ ሦስት ሳምንት ምን አላት? አባትህን ለእኔ ተወው» አልሁት። ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ። ከዚያ «ታዲያ የት እናስቀምጠው?» አለኝ። ይህች «እናስቀምጠው» የምትል ቃል ሸክሜን አቀለለችልኝ።

መላውን ያመጡት መካኒኩ ናቸው። «ሲስተር፣ ጉድጓዱን አንድፈነው፤ በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ እንናደውና እርከን ይሁን» አሉ። ጎረቤት በደቦ ተጠራ፤ በስድስት ቀን ጉድጓዱ በአንድ ወገን ወለል ብሎ የተከፈተ ደረጃ ሆነ። ቆርቆሮው ቀረ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከአፋፉ በላይ እንዲወጣ ተደርጎ ረዘመ። ክረምት ሳይገባ ሞተሩ በሰንሰለት ወደ ላይ እንዲመለስም ተስማማን።

ልጄንም አነጋገርሁት። ስለ ወንድማማቾቹ ለእሱ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ካየ በኋላ «በታኅሣሥ ይሁን» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሊነሣ በተቆረጠው ዕለት ዋዜማ፣ ልጁ ናፍጣውን ከጀሪካን ወደ ጣሳ ለመገልበጥ ቱቦ አፉ ውስጥ ከተተ። ጮህሁበት። ናፍጣ ሲዋጥ ካለው ጉዳት ይልቅ ጠብታው ወደ ሳንባ ሲገባ ያለው ይከፋል፤ ሳንባን ያቃጥላል። ስለዚህ ነው ናፍጣ ወይም ላምባ የጠጣን ሕፃን አታስመልሱት፣ ወተትም አትጋቱት፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ የምንለው። በማግስቱ ማስተንፈሻ ማንቆርቆሪያ ገዛሁለት፤ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም።

ጠዋት ሁላችንም ወረድን። መካኒኩ አንድ በአንድ ጠየቁ፣ ልጁ አንድ በአንድ መለሰ። የሞተር ዘይት? ተሞልቷል። የማቀዝቀዣው በርሜል? ውሃ አለው። ቺንጊያው? ተወጥሯል። ፓምፑ? ውሃ ጠጥቷል፤ ባዶውን ቢዞር አይስብም። ከዚያ ሰዉን አዩ። ነጠላዬን አስወለቁኝ፤ ቺንጊያና ቮላኖ የተንጠለጠለ ጨርቅ ከያዙ ሰውን ይዘው ይሄዳሉ። ሕፃናቱን ከአፋፉ ላይ አስቀመጧቸው። ለልጁም ማንቬላውን ሲያስይዙት አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አደረጉለት። ሞተር ወደ ኋላ ሲመታ አውራ ጣትን ዙሮ የጨበጠ እጅ ይሰበራል። እንዲህ የተሰበረ የእጅ አንጓ በሥራ ዘመኔ አስሬአለሁ።

ልጁ የቫልቩን ማንሻ ከፍ አድርጎ አዞረ። ቮላኖው እየፈጠነ ሄደ፤ ማንሻውን ለቀቀ። ዱፍ አለና ቆመ። ደግሞ አዞረ። ዱፍ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ሸሚዙ ርሶ ነበር። ልጄ ራቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

ያን ጊዜ ከጣሳው የሚወርደውን የላስቲክ ቱቦ አየሁ። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ ቆማለች። ለሠላሳ ዓመት ግሉኮስ ስሰካ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፤ አየሩን ከቱቦው ሳናስወጣ ለበሽተኛ አንሰካም። «አየር አለበት» አልሁ። መካኒኩ ቀረብ ብለው አዩና ሳቁ። ቡሎኗን ላላ አደረጓት፤ አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ተፍ ተፍ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ጥርት ያለው መጣ፣ ጠበቀች።

በአራተኛው ተነሣ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፤ መሬቱ በእግሬ ሥር ይሰማኛል። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ቀጥሎ ጠራ። ከላይ ከአፋፉ ሕፃናቱ ሲጮኹ ቀና አልሁ፤ ውሃው ጎማውን አሳብጦ ቦዩ ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቅጠል የተቀላቀለበት፣ ከዚያ የሮቢ ውሃ። የልጅ ልጄ ግን ወደ ውሃው አልሮጠም። የበርሜሉን ሙቀት በእጁ ዳሰሰ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አየ፣ የዘይት ጠብታ ፈለገ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረው።

ልጄ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በሰዓት ስንት ናፍጣ ይበላል?»

«አንድ ሊትር ከጥቂት» አለው ልጁ።

አባትየው በሆዱ አሰላና ጫማውን አውልቆ ቦዩን ሊያቀና ወጣ። በኪሎ ስለመሸጥ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ውድ አንባቢያን፣ በይፋት ቆላ የውሃ ሞተር የሌለበት ሰፈር አሁን ጥቂት ነው፤ ከሞተሮቹ አጠገብ ያሉትም ልጆቻችን ናቸው። ሞተር ጉድጓድ ውስጥም ሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሡ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ብታዩ፣ ወንድማችሁም ቢሆን፣ ተከትላችሁ አትውረዱ፤ ሞተሩን ማጥፋት ከላይ ከተቻለ አጥፉ፣ ሰው ጥሩ፣ በገመድ ሳቡ። ይህን ስትነግሯቸው ልጆች ሊኮርፉ ይችላሉ። የእኔው ሦስት ቀን አኩርፎኛል፤ አሁን ሽንኩርቱን እያጠጣ ነው።