ከቤኤር ያዕቆብ እስከ ሬሆቮት በብስክሌት

ቤኤር ያዕቆብ በራምላና በሪሾን ለጺዮን መካከል የምትገኝ፣ ከጎንደር ተራራ ለመጣ ሰው ሜዳነቷ የሚያስገርም ስፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 የቆረቆሯት ከዳጌስታን የመጡ አይሁድ ናቸው። ስሟም ከረቢያቸው ከያዕቆብ ይጽሐቂ የተወሰደ ነው። እነርሱም እንደኛው የተራራ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ የብርቱካን እርሻው እያነሰ፣ ፎቁ እየበዛ ሄዷል።

እኛ ባልና ሚስት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ወጣቶች ነበርን። በአገር ቤት ገበያ ለመውጣት ግማሽ ቀን በእግር መሄድ ለእኛ ወሬም አልነበረም። እዚህ ግን አውቶቡሱ ከበራችን ሥር ይቆማል፣ እንጀራው በነጭ ዳቦ ተተካ፣ ውሃውም ኮላ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከሁለታችን አንዳችን (የትኛችን እንደሆንን አንናገርም) ኩፓት ሆሊም ደም ሰጥተን ስኳራችን ከፍ ማለቱ ተነገረን። በመጀመሪያ አላመንንም። የስኳር በሽታ የወፍራም ሰው በሽታ ይመስለን ነበርና። ሐኪሙ ግን ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ላይ ቀጭን ሆነንም እንደሚይዘን አስረዳን። በ1980ዎቹ የመጡት ወገኖቻችን ሲመረመሩ ይህ በሽታ እምብዛም አልተገኘባቸውም። የበዛው እዚህ ከኖርን በኋላ ነው። በ1998 የተቋቋመው ቴኔ ብሪዩት የተባለው ማኅበር ወገኖቻችንን በአማርኛ ሲያስተምር የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

"ተንቀሳቀሱ" ተባልን። ለጉልበታችን ሩጫው ስለከበደ ብስክሌት መረጥን። አንዱ ልጃችን የተወው አሮጌ ብስክሌት ነበር። ሌላውን ከጎረቤት በርካሽ ገዛን።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ወደ ራምላ ነበር፤ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሐሳባችን እ.ኤ.አ. በ1318 የተሠራውን ነጩን ግንብ አይተን ለመመለስ ነበር። ግንቡን ከሩቅ አየነው፣ አልደረስንበትም። ጀግና የሚያደርገን መስሎን ከባዱን ማርሽ አስገብተን ስንታገል ጭናችን ተቃጠለ፣ ትንፋሻችንም ተቆረጠ። ብስክሌቱን እየገፋን በእግር ስንመለስ የሰፈሩ ልጆች በዕብራይስጥ ምን እንዳሉን ባንጽፈው ይሻላል።

ጥፋታችንን ያሳየን የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ኮርቻው ዝቅ ብሎ ነበር። ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር ጣት በኩል ሲረገጥ ጉልበቱ ጥቂት ብቻ ይታጠፋል። ጎማውም ግማሽ ነፋስ ብቻ ነበረው። ማርሹን በተመለከተም ቀላሉን አስገብቶ ቶሎ ቶሎ መርገጥ እንጂ ከባዱን በጉልበት መግፋት ለጀማሪ አይሆንም። ቀኝ እግራችን በ15 ሴኮንድ ውስጥ 18 ወይም 20 ጊዜ እንዲዞር መቁጠር ጀመርን። በዚያ ዓይነት ሲሄዱ ጡንቻው ቶሎ አይዝልም።

ከዚያ በኋላ ራምላን ትተን ከሰፈር ሳንወጣ በሳምንት ሦስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ ብቻ መንዳት ጀመርን። ልኩን የምናውቀው በወሬ ነበር፤ እየነዳን ቡና ላይ እንደምናወራው ማውራት ከቻልን ደህና ነው። ቃሉ ከተቆራረጠ ቀስ ማለት ነው። በየሳምንቱ ከሦስቱ ቀን በአንዱ ላይ አምስት ደቂቃ እንጨምር ነበር። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሆን ብለን እንቀንሳለን። ሰውነት የሚበረታው ባረፈበት ቀን መሆኑን መቀበል ለእኛ ከባድ ነበር፤ በአገራችን ማረፍ ስንፍና ነዋ! መቀመጫችን ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ታሞ ቆይቶ ለመደ።

ነፋሱን ሳንጠቅስ አናልፍም። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ይመጣል፤ ወደ ሪሾን ስትሄዱ ደረታችሁን ይገፋል፣ ስትመለሱ ደግሞ ጀርባችሁን ያግዛል። ስለዚህ ጉልበት ሳለ ፊትን ወደ ነፋሱ አዙሮ መጀመር ነው። ሻራቭ በነገሠበት ቀን ግን ቤት መቀመጥ ነው፤ በሌላውም የበጋ ቀን ፀሐይ ሳትከር ማለዳ መውጣት ይሻላል፤ ውሃም አይረሳ።

በስድስተኛው ሳምንት የደነገጥንበት ነገር ደረሰ። መድኃኒቱ ተውጦ ቁርስ ሳይበላ ወጣን። በብርቱካኑ እርሻ አጠገብ አንዳችን ላብ በላብ ሆነን እጃችን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስኳሩ ወርዶ ነበር። አንድ መንገደኛ የልጁን ጣፋጭ ጭማቂ ሰጥቶን ተረፍን። የኩፓት ሆሊም ነርስ ስንነግራት በጣም ተቆጣች። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ በኪሳችሁም ቴምር ወይም ስኳር ያዙ።

ለልጆቻችሁ ደግሞ ካስዳ (የራስ ቆብ) ግዙ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በከተማም ውስጥ ካስዳ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል፤ ከከተማ ውጭ አዋቂውም ግዴታ አለበት። በአጠገባችን በሚያልፈው 431 ቁጥር ፈጣን መንገድ በብስክሌት መግባት ክልክል ነው። በአስተስርዮ ቀን ጎዳናው ሁሉ ባዶ ሆኖ የአገሩ ልጆች በብስክሌት ሲሞሉት ስታዩ አትደንግጡ፣ የአገሩ ልማድ ነው። እኛ በዚያ ቀን አንነዳም። ልጆቻችሁ ከወጡ ግን አምቡላንስ እንደሚያልፍ ንገሯቸው።

አንዳንድ ሰው "ብስክሌት የፈረንጅ ጨዋታ ነው" ይለናል። ኢትዮጵያ እኮ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2016 ደግሞ የትግራዩ ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርን ያየ ሰውም ብስክሌት ብርቅ አይሆንበትም።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ በነስ ጺዮና በኩል አድርገን ሬሆቮት ገባን። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን፣ ወሬያችንም አልተቋረጠም። አክስታችን የሚኖሩት ቂርያት ሞሼ ነው። በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምነው እናንተ ልጆች፣ ለአውቶቡስ ገንዘብ አጣችሁ? ደግሞ ሴቲቱም ጭምር!"

ስለ ስኳሩ ስንነግራቸው ዝም አሉ። ቡናውን ያለ ስኳር ቀዱልን፣ የራሳቸውንም እንዲሁ። እርሳቸውም ለካ ዓመት ሙሉ መድኃኒት እየዋጡ ለማንም አልተናገሩም ነበር። መብራት ስላልያዝን ሳይጨልም ለመድረስ ብለን ሦስተኛውን ቡና ሳንጠጣ ተነሳን። በሳምንቱ ልጃቸው ደውሎ የኮርቻው ከፍታ እንዴት እንደሚለካ ጠየቀን።