ዓባይን ያላየ ምንጭ ቢያመሰግንስ?



የአገሩን ፏፏቴ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ፏፏቴ ሊያስተምር ይችላልን? ይህ ጥያቄ የተነሣው የክፍላችን «አገርህን እወቅ» ቡድን ለጥቅምት ወር የሁለት ቀን ጉዞ ለማሰናዳት በተሰበሰበ ጊዜ ነው። ፏፏቴ እንይ በሚለው አሳብ ሁላችንም ወዲያው ተስማማን። የትኛውን በሚለው ላይ ግን ሦስት ስብሰባ ፈጀን። ክርክራችን ለሌሎች ክፍሎችም ይጠቅም ይሆናል በሚል እምነት እነሆ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ድምፅ ሁሉ የሄደው ለጢስ ዓባይ ነው። ማን ይፈርዳል! ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም፤ ምስሉም በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል እየተወረወረ እንደ ጢስ የሚበንበት ቦታ ነው። እንዲያውም አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብሎ ተረተና ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ካርታውን ዘርግተን ስንቆጥር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከሜክሲኮ እስከ ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣትም አለ። ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ ማለት ሁለቱን ቀን በአውቶቡስ መስኮት መጨረስ ማለት ነው። ውሃውም ቢሆን እንደ ሥዕሉ ዘወትር አይገኝም። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ1988 ዓ.ም. ጣና በሚለቀው ውሃ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመርቆ ከሐይቁ ብዙ ውሃ በሌላ አቅጣጫ መውሰድ ያዘ። በዚህ ምክንያት ፏፏቴው በተለይ በበጋ እንደ ድሮው አይደለም። መብራትም ያስፈልጋል፣ ፏፏቴም ያምራል፤ ውሃው ግን አንድ ነው።

ከሁሉ የከበደው የመንገዱ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጎጃምን መንገድ ምን እንዳደረገው ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከዚያው ከጎጃም የመጣች አንዲት የክፍላችን ልጅ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ከኔ የበለጠ ዓባይን ማየት የናፈቀው አለ እንዴ? እኔ ራሴ ለፋሲካ እናቴ ጋ አልገባሁም» አለች። መልስ የሰጠ አልነበረም። ጢስ ዓባይን ከዝርዝሩ አልሰረዝነውም፤ ሰላም ሲሆን እሷ መርታን እንድንሄድ «ይቆይ» ብለን ጻፍንበት።

በሁለተኛው ስብሰባ ደብረ ሊባኖስና ጉደር ቀረቡ። ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገዳሙ አለ፣ ጭላዳው አለ፣ ከአፋፉ የሚወረወረው ውሃም ወደ ጀማ ወርዶ ከዓባይ ይደባለቃል። ጉደርም ከአምቦ አለፍ ብሎ የሚገኝ፣ እንዲሁ የዓባይ ገባር ነው። ስለዚህ ለተረተው ጓደኛችን መልሱ እዚሁ ላይ ተገኘ፦ ዓባይ ከምንጮች የተሰበሰበ ነውና ምንጩን ያመሰገነ ዓባይን አልናቀም። ሆኖም የደብረ ሊባኖሱ ውሃ ዝናቡ ካባራ በኋላ እየቀጠነ ይሄዳል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ መንገድ ወደፊት ገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ያስታወሰ ወላጅ ልጁን በእሺታ አይሸኝም። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድም ቢሆን ሥጋቱ ቀላል አይደለም።

በሦስተኛው ስብሰባ አዋሽ ቀረበ። ይህ ፏፏቴ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ይገኛል። ቁመቱ ከጢስ ዓባይ በእጅጉ ያንሳል። «ይሄማ ምንድነው!» ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ስለ አዋሽ ተከራከርሁ፤ ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

በክረምት በሜክሲኮ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ቆመን ጎርፉ እስኪያልፍ የጠበቅን ሁሉ፣ ያ ውሃ የት እንደሚሄድ ጠይቀን እናውቃለን? በየቱቦውና በየወንዙ ወርዶ አቃቂ ይገባል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። አዋሽ ራሱ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ይመጣና በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ቆቃ ግድብ ይገባል፤ ከዚያ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ እያጠጣ በፓርኩ ውስጥ ከዐለቱ ላይ ይወረወራል። በመጨረሻም ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንግዲህ ከደጃችን የወረደው ውሃ ነው እዚያ ፏፏቴ የሚሆነው። ጂኦግራፊ ማለት ይኸው አይደለም?

ነገሩ ግን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ዝቃጭ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ እኛው ራሳችን ታክሲ ተሰልፈን የምንጥለው ፕላስቲክ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከዚያ ወደ ታች ደግሞ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ያጠጣል፣ ራሱም ይጠጣል። ፏፏቴው ሥር ቆመን አረፋውን ስናይ «ይህ ከየት መጣ?» ብለን እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ አውቶቡስ የሚከራይ ትምህርት ቤት አናገኝም። በእግር የሚደረስበት አንድ ጅረት ግን አይጠፋም። ልጆቹን እዚያ ወስዶ «ይህ ውሃ ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል? ከታች ማን ይጠጣዋል?» ብሎ ማስተማር የሚቻለው አስቀድሞ ራስ ተለማምዶት ሲገኝ ነው።

በድምፅ ብልጫ አዋሽ ተመረጠ። ዕቅዱም ይኸውና፦

1ኛ/ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሜክሲኮ መነሣት። እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ እንሄዳለን። ከአዳማ ወዲያ ያለው የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ሾፌሩ እንዳይጣደፍ በውሉ ላይ ይጻፋል፤ በሌሊት ጉዞ የለም።

2ኛ/ መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅን ማየት። ጨዋማው ውሃ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መሬቱን እንዴት እንደዋጠ በዓይን ይታያል።

3ኛ/ እኩለ ቀን ሳይሆን ፓርኩ መድረስ፤ ፏፏቴውንና ከተገኘም ሳላውን አይቶ ከመምሸቱ በፊት አዳማ ገብቶ ማደር።

4ኛ/ እሑድ የቆቃን ሐይቅ አይቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ።

5ኛ/ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ስለተፈናቀለ፣ ከመነሣታችን በፊት ስለ ቦታውና ስለ መንገዱ ሁኔታ በስልክ ይጠየቃል። መልሱ ካላጠገበን ጉዞው ይተላለፋል።

ስንቅ እንደ ወትሮው ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ በጀሪካን። አዋሽ ቆላ ስለሆነ ባርኔጣ አይረሳ።

የቀረ አንድ ነገር አለ። መዋጮው በተነገረ ማግሥት ከ42 ሰዎች መካከል 9ኙ ስማቸውን አላስመዘገቡም። አንዱ «ራሴን ያመኛል»፣ ሌላው «ፏፏቴ ብዙ አይቻለሁ» አለ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ። ስለዚህ ገንዘቡ እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተባለ በፖስታ ታሽጎ እንዲገባ፣ ማን ስንት እንደ ሰጠ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም እንዳያውቅ፣ የጎደለውም በጋራ እንዲሞላ አሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል። ግማሹን ክፍል ግቢ ትቶ የሚሄድ አውቶቡስ «አገርህን እወቅ» ሊባል አይገባውም፤ አጠገብ የተቀመጠውን ሳያውቁ የምን አገር ማወቅ ነው?

በመሆኑም፣ እነዚያ 9 ጓደኞቻችን፣ መዝገቡ እስከ መጪው ዓርብ ክፍት ነው። ፖስታው ባዶም ቢሆን ይታሸጋል። መምህራኖቻችንም የአዋሽን ተፋሰስ የሚያሳይ ትልቅ ካርታ ካላችሁ እንድታውሱን በትሕትና እንጠይቃለን።