«ባዶ ነው» ተብሎ የተሰጠን ሽጉጥ

በዚህች መጽሔት ስለ ትምህርት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ማኅበሩ ስብሰባ ስንጽፍ ቆይተናል። የዛሬው ጽሑፍ ስለ አንድ ያገለገለ የውድድር ሽጉጥ ነው። የምናቀርበውም ለጨዋታ ሳይሆን በራሳችን ላይ ሂስ ለማድረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪሱ ኦሊምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲተኩስ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። እሱና ሼቫል ኢላይዳ ታርሃን በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ አገኙ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አንካራ በዩኒቨርሲቲያችን የተኩስ ክበብ ሽጉጡ ጥቂት፣ ወረፋ ጠባቂው ብዙ ሆነ። በክበቡ የምንለማመደው አምስት ኢትዮጵያውያን ለአሥር ደቂቃ ተኩስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ሰለቸን። ስለዚህም ከወር ድጎማችን እየቆነጠርን አዋጣን፤ ሽጉጡ በክበቡ ስም ተመዝግቦ በክበቡ ሣጥን እንዲቆለፍበትም ከአሠልጣኙ ጋር ተስማማን።

ሻጩ ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀ ትሑት ሰው ነው። ወደ ክበቡ መጥቶ ሻይ አስቀዳልን፤ ሣጥኑንም ከፈተ። «ባዶ ነው» አለን። እኛም ሽጉጡን እንደ ጠላ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ አዞርነው። እጀታው ተመሰገነ፣ ክብደቱ ተመሰገነ። ከመካከላችን አንዱ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ።

ሽጉጡ ባዶ አልነበረም። ከሻጩ የመጨረሻ ልምምድ የቀረች አንዲት የእርሳስ ጥይት በር አጠገብ ከቆመው ጓደኛችን ራስ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ መቃኑ ውስጥ ተቀረቀረች። የአየር ሽጉጥ ነው ብሎ የሚያቃልል ቢኖር ዓይን ለማጥፋት የሚበቃ መሆኑን ይወቅ። ቃታውን የሳበው ማን እንደሆነ አንጽፍም። ሳይከፍት የተቀበለው እያንዳንዳችን ስለሆንን የሳብነው አምስታችንም ነን።

አሠልጣኙ አልጮኸብንም። ሽጉጡን ተቀብሎ አፈሙዙን ወደ ኢላማው ግድግዳ አዞረ፤ የማጉረሻውን ክዳን ከፍቶ ለእያንዳንዳችን አሳየና «ባዶ መሣሪያን ሰይጣን ያጎርሰዋል» የሚለውን የአገሩን አባባል ነገረን። ቀጥሎም «ለምን አልከፈታችሁትም?» ብሎ ጠየቀ። መልሳችን አሳፋሪ ነበር፤ ሰውየውን ያላመንነው እንዳይመስለው ብለን ነው። ይሉኝታ ይዞን ነው።

በዚያች ሌሊት ከመካከላችን የገጠር ልጅ የሆነው የአባቱን የገበያ ሥርዓት አነሳ። አባቱ በቅሎ ሲገዛ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮርቻዋን አውርዶ ገጣባ እንዳለባት ጀርባዋን ይዳብሳል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬዳታል። ሻጩም አይቀየምም፤ እንዲያውም ሳያይ የሚገዛውን ሰው ይታዘበዋል። እንግዲህ ባህላችን ነው ብለን ያሳበብንበት ይሉኝታ በራሳችን ገበያ እንኳ የለም ማለት ነው።

በማግስቱ ከአሠልጣኙና ከሻጩ ጋር ተቀምጠን ሽጉጡን እንደ በቅሎዋ መረመርነው። በመጀመሪያ ከፍተን ባዶነቱን አረጋገጥን። ቀጥሎ የታመቀ አየር የሚይዘውን ሲሊንደር አየን። በዓለም አቀፍ የውድድር ደንብ የሲሊንደር ዕድሜ ቢበዛ 10 ዓመት ነው፤ ቀኑ ማለፍ አለማለፉንም የመከታተል ኃላፊነት የተኳሹ ነው። የኛው ላይ የተቀረጸው ዓመት 2013 ነበር። ጊዜው አልፎበታል! በትናንቱ ምስጋናችን ውስጥ ይህን ያየ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወደ ቃታው ሄድን። የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ቃታ ከ500 ግራም ባነሰ ጉልበት መሳብ የለበትም። አፈሙዙ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተይዞ፣ 500 ግራሙ ሚዛን ቃታው ላይ ተንጠልጥሎ ከጠረጴዛው ይነሣል፤ ቃታው ሳይለቅ ሚዛኑን ከተሸከመ አለፈ ይባላል። የኛው አለፈ። የኋላ ማነጣጠሪያው ብሎን እንዳይወላወል ነካካነው። እጀታው የቀኝ እጅ ቅርጽ ያለው ስለሆነ ከአምስታችን ግራኙ እንደማይጠቀምበት አወቅን፤ እሱም ገንዘቡን ላዋጣ ወይስ ላስቀር ብሎ በግልጽ ጠየቀ፤ መልሰንለታል።

በመጨረሻ አሠልጣኙ ጊዜው ያላለፈበት የክበቡን ሲሊንደር ገጠመልን፤ ሽጉጡን መደገፊያ ላይ አስቀምጠን በ10 ሜትር አምስት ጥይት ተኮስን። የኢላማው አሥር ቁጥር ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥይቷ 4.5 ናት። አምስቱም እርስ በርስ ተነካክተው አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ሠሩ። አፈሙዙ ጤነኛ ነው። ከእንግዲህ ብንስት ጥፋቱ የክንዳችን ነው።

ሲሊንደሩን ሌሊቱን ከግፊት መለኪያው ጋር አሳደርነው፤ ጠዋት መርፌው ከቦታው ስላልተነቃነቀ የሚያፈስ ጎማ አለመኖሩን አረጋገጥን። ሻጩም የአዲስ ሲሊንደር ዋጋ ከሒሳቡ ቀነሰልን። አልተቀየመም። እንዲያውም ስለዚያች ጥይት ከኛ ይበልጥ የተጨነቀው እሱ ነበር፤ ጓደኛችንን ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቆታል።

ጓዶች፣ ከዚህ የተማርነው ስለ ሽጉጥ ብቻ አይደለም። በሰው አገር ስንኖር ሳናነብ የፈረምነው የቤት ኪራይ ውል፣ ሳንጠይቅ የተቀበልነው ወረቀት ስንት ነው? መጠየቅ ስድብ አይደለም። ትሑት ሰውም ሊረሳ ይችላል።

ጥይቷ ዛሬም መቃኑ ውስጥ አለች። ክበቡ ሊያወጣት ሲል በር አጠገብ ቆሞ የነበረው ጓደኛችን «ተዉአት፣ ትታይ» አለ። አሁን ሽጉጡን የሚያቀብል ሁሉ ከፍቶ ያሳያል፤ የሚቀበለውም ራሱ ደግሞ ያያል። መቃኑንም ሳያይ የሚገባ የለም።